ሥሩ መሬት የነካው ሎሚ

ልጅ ሳለሁ መቱ ውስጥ ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ የአዴ ጫልቱ ነበር፤ «አዴ» በኦሮምኛ እማማ እንደማለት ነው። አዴ ጫልቱ ባላቸው የሞተባቸው፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ የአገሬው ሴት ነበሩ። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ የግቢውን ልጆች ማድቤታቸው ሰብስበው ተረት ያወሩልን ነበር፤ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ከኩራዙ ይልቅ የፍሙ ብርሃን ፊታቸውን እያቀላው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ሲያወሩ እኔ ከሁሉም ልጆች ወደ እሳቱ ጠጋ ብዬ ነበር የምሰማው።

እናቴ ዘሃራ ከወሎ መጥቶ እዚህ ከሰፈረ ቤተሰብ የተወለደች፣ አፈር ካልነካች ቀኑ የማይመሽላት ሴት ነበረች። የሰው መሬት ነው ብላ ግን ግቢው ላይ አንድ ዘር እንኳ አልዘራችም። ጎመኑን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ቲማቲሙንና ቃሪያውን በተቆረጠ ጀሪካን፣ ሎሚውን ደግሞ ከታች በተበሳ የቀለም ባልዲ ተክላ ደጃፋችን ላይ ደርድራቸው ነበር። አፈሩን ሳይቀር ከወንዝ ዳር በጆንያ ተሸክማ ነው ያመጣችው።

አዴ ጫልቱ ግን ባልዲውንም ከረጢቱንም አያምኑም። ከእኛ በፊት የነበረ ተከራይ ጓሮው ላይ አቮካዶ ተክሎ «ያለማሁት እኔ ነኝ» በማለት ቀበሌና ፍርድ ቤት ሲያመላልሳቸው ከርሟል። አንድ ምሽት የቡናን ዛፍ «ለአንድ ክረምት ብቻ ልደገፍብህ» ብሎ ስለለመነ ቅል አወሩልን። ቅሉ ወጣ፣ ተንሰራፋ፣ በመጨረሻም ቡናው ፀሐይ አጥቶ ደረቀ። ልጆቹ ለቡናው አዘኑ፤ አዴ ጫልቱ ግን የሚያዩት እኔን ነበር። ያኔ ተረት ለአንድ ሰው ብቻ ሊነገር እንደሚችል ገባኝ፤ ከዚያ ወዲያ በሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት መጥተው የሎሚውን ባልዲ ገፋ አደረጉት። አልተነቃነቀም። ሥሩ በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ገብቷል።

«ዘሃራ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ወላሂ አላወቅሁም አዴ።»

«አንቺ ባታውቂ ሎሚው ያውቃል።»

እናቴ ቢላዋ አምጥታ፣ ባልዲውን አዘንብላ፣ ሥሩን እፊታቸው ቆረጠችው። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ጠውልጎ ይረግፍ ጀመር፤ እናቴም «መውጣታችን አይቀርም» ብላ ሌላ ቤት ታጠያይቅ ገባች።

ታዲያ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አዴ ጫልቱ ሎሚው ላይ ጎንበስ ብለው ከጣሳ የጠቆረ ውኃ ሲያፈሱ አየኋቸው። ሊያደርቁት ነው ብዬ ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ምን እያፈሰሱበት ነው አዴ ጫልቱ?» አለች ከበሩ ሳትደርስ።

«የፍግ ውኃ ነው፤ አሽትቺው» ብለው ጣሳውን ዘረጉላት። «ተክሉ ምን አደረገኝ? እኔ የምፈራው ሰው ነው።»

እናቴ እውነትም አሸተተችው። በማግስቱ አዴ ጫልቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥተው ባልዲው ሥር አስገቡ። ሎሚው አገገመ፤ እኛም አልወጣንም። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ መጥተው ባልዲውን ያነሳሉ፤ እናቴም ቆማ ሲያነሱ ታያቸዋለች። ከዚያ ስለ ኑሮው፣ ስለ ልጁ ያወራሉ፤ ሲሄዱ ጎመን ትቀነጥስላቸዋለች።

ዓመታት አልፈው ወደ ጎሬ ልንዛወር ዕቃ ስንጭን፣ አዴ ጫልቱ «ሎሚውን እዚሁ ትከዪልኝ። መሬት ላይ» አሉ።

እናቴም ሁለት ጎረቤቶች ጠራችና «በሉ ስሙልኝ፤ ትከዪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው» ብላ ጉድጓዱን መቆፈር ጀመረች። እኔ በሐፍረት መኪናው ኋላ ተደበቅሁ። አዴ ጫልቱ ግን አልተቀየሙም፤ «ደግ አደረግሽ» ብለው ባልዲውን ያዙላት።

ከሰማኋቸው ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ዕቃ የጫንንባት ቀን ግን አልጠፋችም። ሁለት የሚዋደዱ ሴቶች ምስክር አቁመው ሎሚ ሲተክሉ አይቼ ያኔ ያፈርኩት እኔ፣ ዛሬ በተራዬ ተከራይ ሆኜ፣ ደግ ሰው አንድ ነገር ሲሰጠኝ ከማመስገኔ በፊት የሚሰማ ሰው ይኖር እንደሆነ ዙሪያዬን አያለሁ።