የእናቴ ዋስ

የከሰል ካውያ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያልፍ የሚወጣው ሽታ ትንሽ የእንፋሎት፣ ትንሽ የአመድ፣ ትንሽም የተለበለበ ጥጥ ሽታ ነው። በቅርቡ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ በአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ይህ ሽታ ድንገት መጣብኝና የተማሪዎቼን ደብተሮች እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ፤ እናቴ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ በነበረበት በጋ ቤታችን ሁልጊዜ እንዲህ ይሸት ነበርና።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። ጊዜው ጋምቤላ ራሷን የቻለች ክልል ከሆነች ብዙም ያልቆየችበት፣ የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም ገና ያልደበዘዘበት ነበር። አባቴ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ እናቴ ደግሞ አዋላጅ ነርስ ስለነበረች ከተማው በሙሉ «ሲስተር» እያለ ይጠራታል። ሁለቱም ከደጋ በመንግሥት ሥራ ተመድበው የመጡ ሲሆኑ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ግን የተወለድነው እዚሁ ባሮ ወንዝ ዳር ነው። እናቴን በእናት እግር ተተክታ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ድሮ በሱዳን በኩል ወጥታ ስዊድን ትኖር ነበር። በዚያ በጋ፣ ባሮ ጎድሎ አሸዋው መሐል ለመሐል ብቅ ባለበት ወቅት፣ ከባድ ቀዶ ጥገና እንደሚጠብቃት፣ ከዚያም በኋላ ለወራት አጠገቧ ሆኖ የሚያስታምማት ሰው እንደሌላት ጽፋ ላከች። ስለዚህ እናቴ ስድስት ወር የሚያስቆይ የቱሪስት ቪዛ መጠየቅ ነበረባት።

«ቱሪስት» የሚለው ቃል እኔንና ወንድሜን አስደነቀን። እኛ የምናውቀው ቱሪስት ፀሐይ ያቀላው፣ ካሜራ ያንጠለጠለ፣ ባሮ ድልድይ ላይ ቆሞ የሚታጠቡትን ሰዎች የሚያይ ፈረንጅ ነበር። አሁን እናታችን በተራዋ ሄዳ እነሱ ሲታጠቡ ልታይ ነው ብለን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አወራን።

ቃለ መጠይቁ በመስታወት መስኮት በኩል እንደሚደረግ አባቴ ከአንድ ወዳጁ ሰምቶ ስለነበር፣ ልምምዱ እንዳይጎድል ብሎ አልጋ ላይ ወጥቶ የትንኝ አጎበሩን ከፊቱ ጋረደው። እናቴ የምትለብሰውን ጉርድና ኮት ተኩሳ ለብሳ፣ በዚያ ሙቀት ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ከአጎበሩ ማዶ ትቆም ነበር።

«ስምሽ ማነው?» ይላል አባቴ በቆንስል ድምፅ።

«ታውቀው የለም እንዴ!»

«እኔ ባልሽ አይደለሁም፣ ቆንስል ነኝ።»

«እንግዲያው ቆንስሉ ከአልጋዬ ላይ ይውረድልኝ!»

እኔና ወንድሜ መሬት ላይ እየተንከባለልን እንስቅ ነበር፤ አባቴ ግን አይስቅም። የእናቴ እንግሊዝኛ የሐኪም ቤት እንግሊዝኛ ነበር፤ የት እንደሚያም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያም አሳምራ ትጠይቃለች፣ መጠየቅ እንጂ ተጠይቆ መመለስ በሥራዋ ገጥሟት አያውቅም ነበርና በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ትደናቀፍ ነበር። ከሁሉም የከበዳት ግን አባቴ ዋነኛው ነው የሚለው ጥያቄ ነበር።

«ለምን ትመለሻለሽ?»

«ቤት አለኝ።»

«ቤቱ የመንግሥት ነው።»

«መሬት…»

«እሱም የመንግሥት ነው።»

«ሥራዬስ?»

«የመንግሥት።»

«ታዲያ የኔ የሆነ ምን አለ?» ብላ ኮቷን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው። ልጆቼ አሉ በይ ሲላት ደግሞ ወደ እኛ ዞር ብላ አየችንና ድምፅዋ ተሰበረ፤ አባቴም አጎበሩን ገልጦ «እዚያ ካለቀስሽ አትመለስም ነው የሚሉሽ» አላት በቀስታ።

የጎረቤታችን የእማማ አሪየት ነገር የገባው እዚህ ላይ ነው። እማማ አሪየት በባሮ ዳር ዓሣ የምትሸጥ ረጅም፣ ሳቂታ፣ በአማርኛዋ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» የምታደርግ አኙዋክ ሴት ነበረች፤ ትንንሾቹን ልጆቿን ያዋለደቻት እናቴ ናት። ልምምዱን ከደጃችን ቁጭ ብላ ታዳምጥ ነበር፣ እኔም ከአባቴ የሰማሁትን የስዊድን ወሬ እነግራታለሁ። በክረምታቸው ሐይቁ ጠጥሮ ሰው በላዩ እንደሚሄድ ስነግራት አፏን በእጇ ያዘች።

«ውሃ ድንጋይ ይሆናል?»

«አዎ፣ መኪናም ይሄድበታል።»

«ውሸት! ዓሣውስ የት ይገባል?»

«ከሥር ነው። በረዶውን በስተው ያጠምዱታል።»

«እንዲህ የለፋ ሰው ዓሣ ይብላ፣ ይገባዋል» አለችና ሁላችንንም አሳቀችን።

ሰማዩ መጥቆር፣ ነፋሱም ከወንዙ ማዶ የርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መምጣት ሲጀምር እናቴ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድበት ቀን ተቃረበ፣ የዋናው ጥያቄ መልስ ግን አልተገኘም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ያንኑ ጥያቄ ሲደግመው እማማ አሪየት ከደጅ ተነሥታ ገባች።

«እሱ ነጭ ምን ይፈልጋል?»

«እንደምትመለስ ማረጋገጫ ነው የሚፈልገው» አላት አባቴ።

«ዋስ ነው በለኝ! እኔ አለሁ።»

ዋስ የሚለውን ቃል የተማረችው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ትልቁ ልጇ በዓሣ መረብ ምክንያት ከሰው ተጣልቶ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ደሞዝተኛ ዋስ ተጠይቆ እናቴ ፈርማ አስወጥታው ነበር፤ ፖሊሱም ልጁ ቢጠፋ ሲስተር በእሱ ቦታ እንደምትገባ በእማማ አሪየት ፊት አስረድቶ ነበር። አባቴ የኤምባሲ ነገር እንደ ጣቢያ እንዳልሆነ ሊያስረዳት ብዙ ደከመ።

«አስተማሪ፣ ሕግ ሁሉ አንድ ነው» አለችው። «ሲስተር ይሄዳል፣ ይመጣል። ካልመጣ እኔ እገባለሁ።»

ሳቅንባት። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ወደ አባቴ ዞራ ዋስ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠየቀችውና ቃሉን እየደጋገመች አጠናችው።

ከአዲስ አበባ ስትመለስ ሁላችንም ከበን አስወራናት። ጠያቂዋ መነጽር ያደረገች ሴት ነበረች፤ ጥቂት ከጠየቀቻት በኋላ «ዋስሽ ማነው?» አለቻት። እነሱ በዚያ የእንግሊዝኛ ቃል የሚሉት ወጪውን የሚሸፍነውን ሰው ነው፣ እናቴ ግን የምታውቀው አንድ ዋስ ብቻ ነበር።

«አሪየት ትባላለች» አለቻት።

«ስዊድን ውስጥ የት ነው የምትኖረው?»

«ስዊድን አይደለችም፣ ጋምቤላ ናት። ዓሣ ትሸጣለች።»

«ዓሣ ሸጣ የስድስት ወር ወጪሽን ልትችል?»

ያኔ ነው ስሕተቱ የገባት። «ወጪዬን የምትችለው እህቴ ናት። አሪየት ዋስ የሆነችኝ ለመመለሴ ነው፤ ካልተመለስኩ የምትታሰር ይመስላታል።»

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አንቺስ ምን አልሻት?»

«ማንም አያስርሽም አልኳት፤ አላመነችኝም።»

አባቴ ይህን ሲሰማ «አበቃልን» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ግን አላበቃልንም። ባሮ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እየጠቀለለ መውረድ በጀመረበት ክረምት ፈቃዱ መጣ፤ እናቴም ያንን ጉርድና ኮት ለብሳ አውሮፕላን ተሳፈረች። አውሮፕላኑ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ደመናው ሲገባ አንዲት የማውቃት ሴት፣ ትናንት ፀጉሬን የሠራችኝ ሴት፣ በሰማይ ውስጥ መሆኗን ማመን አቅቶኝ አንገቴ እስኪደክም ሽቅብ አይ ነበር።

በዚያ ክረምት እማማ አሪየት ከወንዝ ስትመለስ ሳታየን አታልፍም ነበር። እንደ አደራ ዕቃ አንድ በአንድ ታየናለች፣ ዓሣ ታመጣልናለች፣ ወንድሜ ሲያተኩሰው ጉንጩን በጉንጯ ትለካዋለች። አንድ ጊዜ ወንድሜ «ባትመጣስ?» ብሎ ጠየቃት።

«ካልመጣ እኔ እስር ቤት ነው። አንተ ዓሣ ይዞ ይጠይቀኛል፣ ጥብስ ይሁን» አለችው፣ ቀጥላም ሳቋን አቁማ «ይመጣል» አለች።

ዝናቡ ቆመ፣ ሣሩ ደረቀ፣ አሸዋው ተመልሶ ታየ። በአንድ የበጋ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን፤ እናቴ ወፍራም ሹራብ በክንዷ አንጠልጥላ ከደረጃው ስትወርድ እማማ አሪየት ከሁላችንም ቀድማ ደረሰች። ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ፊቷን ዳሰሰችና «ሲስተር ነጣ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ አጥሩ አጠገብ ወደ ቆመው ፖሊስ ዞራ ሕዝቡ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች፦

«ይኸው መጣ! እኔ ነፃ ነው!»

ፖሊሱ ምን እንደሆነ ባይገባውም ሰላምታ ሰጣት።

የቀረውን እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። እህቷ ድና ስትነሣ እንዳትመለስ ለምናት ነበር፤ ነርስ ሥራ አያጣም፣ በቱሪስት ቪዛ የሄዱት ሁሉም ቀርተዋል ብላ።

«ልቤ ቀርቶ ነበር» አለችኝ እናቴ።

«እኛስ?»

«እናንተንና አባትሽንማ ቆይቼ አስመጣችሁ ነበር። አሪየትን ግን ምን አደርጋታለሁ? ማንም እንደማያስራት እኔ አውቃለሁ፣ እሷ ግን አታውቅም። ሳታውቅ ነው የገባችልኝ።»

ዛሬ በከተማችን የቪዛ ማመልከቻ የሚሞላው በኢንተርኔት ቤት ነው፤ መልሱም በስልክ ይመጣል። ቃለ መጠይቅ ያለባቸው ወጣቶች እንግሊዝኛ ስለማውቅ እንዳለማምዳቸው ወደ እኔ ይመጣሉ፣ እኔም ደስ እያለኝ በሥርዓቱ አስረዳቸዋለሁ። ለምን ትመለሳላችሁ ብዬ ስጠይቃቸው ስለ ባንክ ሒሳባቸው፣ ስለ ንግድ ፈቃዳቸው፣ ስለ ቤት ካርታቸው አንድም ሳይደናቀፉ ይመልሱልኛል፣ እኔም ጎበዝ እላቸዋለሁ። እኛ ያን ጊዜ ይህ ሁሉ መልስ አልነበረንም፤ የነበረን አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ጎህ ሲቀድ የዓሣ ቅርጫቱን በአናቱ ተሸክሞ ወደ ባሮ ይወርድ ነበር።