ጥግ ላይ ያለችው ወታደር

ወንድሜ አርፎ ቁጭ ብሎ አያውቅም። ወንበር ላይ ሲሆን እንኳ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ እኔ የምቆርጠው ጨርቅ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ስንት ኮሌታ እንዳጣመመብኝ ፈጣሪ ይቁጠረው! ያለን አንድ ጠረጴዛ ነው። ወዲህ በኩል የኔ መቀስ፣ ሜትርና የስፌት መኪና፣ ወዲያ በኩል የሱ የቼዝ ሰሌዳና ኮምፒውተር። ሰፈሩ «ጠርጥር» ይለዋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ከሚለው ወስደው ነው ያወጡለት፤ አልተሳሳቱም። ልጅ ሆኖ ከረሜላ ሲሰጡት መጀመሪያ ያሸተዋል፣ ቀጥሎ የሰጪውን ፊት ያያል፣ ከዚያ እኔን ያቀምሰኛል። እኔ ካልሞትኩ እሱ ይበላል።

እንዲህ ላለ ሰው የሚሆን ሥራ በዓለም ላይ አንድ ቢኖር እሱን አገኘ። የስልክ ቼዝ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ፈታኝ ነው። የሚፈትነው ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ፕሮግራሙን ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ የሚያስጎመጅ ነገር ያስቀምጥለታል፤ ጠባቂ የሌላት ወታደር፣ አንዳንዴም ንግሥቲቱን ራሷን። የበላት ይሸነፋል። ሽንፈቱ ግን ወዲያው አይታይም፤ ብዙ እርምጃ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙ አርቆ አይቶ ከተዋት አለፈ፣ ከበላት ወደቀ። ሲወድቅለት ደስታው ለጉድ ነው። «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች!» ይልና ቀይ ምልክት አድርጎበት ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ከወጥመዶቹ ሁሉ አብልጦ የሚወዳት አንዲት አለች። ጥግ ላይ ብቻዋን የቆመች ጥቁር ወታደር ናት። በሰያፍ የሚሄደው ነጭ ጳጳስ ከሩቅ መጥቶ ይበላታል። ያን ጊዜ ጎኗ የነበረችው ጥቁር ወታደር አንድ እርምጃ ትራመድና መውጫውን ትዘጋበታለች። ጳጳሱ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ጥቁሩ ንጉሥ ቀስ እያለ መጥቶ ይለቅመዋል። እኔ ቼዝ አልችልም፤ ይቺን ግን ከማየት ብዛት ዓይኔን ጨፍኜ እደረድራታለሁ።

ታዲያ ሲፈትን የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ ነው የሚያየው። በላ? ወደቀ፣ ቀጥል። አንድ ቀን «ከበላ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አታይም እንዴ?» ብለው «እትዬ፣ እጁ ከገባ ገባ ነው፣ ምኑን አየዋለሁ?» አለኝ።

በዚህ መሃል አንዲት አስተማሪ መጣች። ቀሚስ ልታሳጥር ነበር የመጣችው። «ይሄ ጠረጴዛ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጎንበስ ስትል የወንድሜን ጉልበት አየችና ከልቧ ሳቀች። እሱ ሳቋን ጠረጠረው። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ የሚሰፋ ልብስ ሳይኖራትም ትመጣ ጀመር፤ ወንበር ስባ ሰሌዳው አጠገብ ትቀመጣለች፣ ትጠይቀዋለች፣ ታሾፍበታለች። ደግሞ እኮ ይስቃል! ወንድሜ ሲስቅ እኔ መቼ አይቼ አውቃለሁ?

አንድ ቀን ከሰዓት፣ እኔን ዞር በይልን እንኳ ሳትል፣ «እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም» አለችው። «ወደ ሌላ ከተማ አዛውረውኛል። እንጋባ ካልከኝ ዝውውሩን እተወዋለሁ። አይሆንም ካልክም ንገረኝና በጊዜ ልሂድ።»

ጤነኛ ሰው ምን ይላል? የኔው ጉድ «ላስብበት» አለ።

ገና በሩ ሳይዘጋ ክፍሉን ይዞረው ጀመር። «ምን ፈልጋ ነው?»

«አንተን ነዋ!»

«እኔ ምን አለኝ?»

«ምንም የለህም! ምን ትዘርፍሃለች ታዲያ?»

«እኔንም ያሳሰበኝ እሱ ነው» አለኝ። በያዝኩት ሜትር ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ዶፍ ሲጥል ዋለ። እሱ ሥራ ሄዶ ሳለ አስተማሪዋ በፌስታል የተጠቀለለ ግራጫ ጨርቅ ይዛ ከተፍ አለች። «ያ አሮጌ ጃኬቱ አንጀቴን ይበላዋል። ልኩን ታውቂዋለሽ፤ ኮት ስፊለት። እስኪያልቅ ግን እንዳትነግሪው፣ በሞቴ!» አለችኝ። በደስታ መስፋት ጀመርኩ። ወንድሜ ግን ከዚያች ቀን አንስቶ ስልኳን አላነሳ አለ። ስትመጣ በጓሮ በር ይወጣል። «ምን አደረገችህ?» ስለው «ተዪው እትዬ፣ አበቃ» ከማለት በቀር ጭጭ። እሷም መምጣቱን ተወችው፤ በኋላ ደውላ ቅዳሜ ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። ድምጿ የሷ አይመስልም ነበር። ኮቱን እየሰፋሁ እሱን እረግማለሁ፣ ክሩ ይበጠስብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ እጅጌ ብቻ ሲቀረኝ በሩ በኃይል ተንኳኳ። አብሮት የሚሠራው ፕሮግራመር ነው፤ ኮምፒውተሩን ታቅፎ በንዴት ጨሶ መጥቷል።

«ጠርጥር፣ አዲሱን ፕሮግራሜን ጣልከው አሉ?»

«ጥግ ያለችውን ወታደር በላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደቀ።»

«ከዚያስ ምን አደረገ ነው የምልህ! አይተኸዋል?»

ልጁ ሰሌዳውን ሳበና ደረደረ። ጳጳሱ ወታደሯን በላ። ጎረቤቷ ተራምዳ በሩን ዘጋች። እስከዚህ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ልጁ በዚያው በጥጉ መስመር ታች የቆመች ሌላ ወታደር ጣቱን ጫነባት፤ ነጭ ናት፣ የጳጳሱ የራሱ ወገን። «ባለፈው ቦታውን ላሳምር ብለህ ይቺን ወደፊት አስጠጋሃት አይደል? ይኸውልህ» አለና ገፋት። ሄዳ በሩን ከዘጋችው ወታደር ጋር ተላተመች፤ መንገዱ ተከፈተ፣ ጳጳሱ ሆዱን ሞልቶ ወጣ።

«ወጥመድ አይደለችም» አለው። «ዝም ብላ የተቀመጠች ምግብ ናት። ፕሮግራሙ ልክ ነበር።»

ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ዞሬ ወንድሜን አየሁት፤ ጉልበቱ ቆሟል።

ልጁ ኮምፒውተሩን እየዘጋ «አንተ እኮ መጨረሻውን አታይም» እያለ ያጉረመርማል። «አስተማሪዋንም እንደዚሁ። ገባች ወይ አልከኝ፣ አዎ ስልህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው።»

«ቆይ ቆይ» አልኩ። «የት ነው የገባችው?»

«መኪናዬ ውስጥ ነዋ፣ እትዬ። ዝናብ የጣለ ቀን። ግቢ ላድርስሽ በላትና ከገባች ንገረኝ ብሎኝ ነው። ቀልድ መስሎኝ!»

«እና የት አደረስካት?»

«ጨርቅ መሸጫ። መንገዱን ሙሉ ምን ቀለም ይወዳል እያለች ስትነዘንዘኝ ግራጫ አልኳት፤ እኔ ምን አውቄ!»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ወይ አለመታደል! ሰው ይፈተናል? ያችን የመሰለች ሴት በዝናብ ትፈተናለች? ኮቱን አንስቼ ፊቱ ላይ ወረወርኩለት። «እንካ! ወደቀች ያልካት ይህን ልትገዛልህ ሄዳ ነው!»

ኮቱን አየው፣ ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ ሳይናገር ለበሰው፤ አንዱ ክንዱ በሸሚዝ እንደሆነ። በልጁ መኪና ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ በረርን። እኔ የቀረውን እጅጌና የተሰካ መርፌ ይዣለሁ፤ መኪናው ውስጥ እሰፋዋለሁ ብዬ። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ሁለቴ ወጋሁት፣ ኡፍ እንኳ አላለም።

ስንደርስ የምትሄድበት አውቶቡስ ረዳት በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል፣ ሞተሩ ተነስቷል። አስተማሪዋ ከሾፌሩ ጀርባ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ቦርሳዋ። ወንድሜ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። እኔ በሩ ሥር ሆኜ አንገቴን አስገባሁ፤ ነውር ነው አትበሉኝ።

«ፈትኜሽ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። ያ ልጅ መዋሸት አይችልበትም።»

«አውቀሽ ለምን ገባሽ?»

«እየዘነበ ነበራ!» ብላ ጮኸችበት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ከዚያ ድምጿ ወረደ። «ፈትነኝ እሺ። ከዚያ በኋላ የት ሄደች፣ ምን ሆነች ብለህ አንድ ቀን እንኳ አትጠይቅም?»

እሷ ኮቱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እጅጌው የታለ?»

«እትዬ ጋ ነው።»

ቦርሳዋን አነሳችና ጭኗ ላይ አደረገችው። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ወንድሜ ወንበሩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ወንበሩን አየ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እርምጃ እየቆጠረ ነው። ረዳቱ «እንሂድ!» ሲል የበሩን ብረት ጨበጥኩ።

«ለምን?» አላት ደግሞ።

«ተቀመጥ ወይ ውረድ። ጥሉን መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን፣ አላበቃሁልህም።»

«አንተ!» ብዬ ጮህኩ ከታች። «ቁጭ በል!»

ቁጭ አለ። በሩ አፍንጫዬ ላይ ተዘጋ። ሻንጣ የለው፣ ቅያሪ የለው፣ የት እንደሚሄድ እንኳ በቅጡ አያውቅ፤ አውቶቡሱ ሄደ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ እኔም እሱን እያሰብኩ እጅጌውን እንደታቀፍኩ ቤቴ ገባሁ።

ሰሌዳው እንደተደረደረ ነው። በወዲህ በኩል ጨርቅ ዘርግቼ አንድ ኮሌታ ቆረጥኩ። ቀጥ ብሎ ወጣ፤ መስመር እንኳ አልሳተም። ሌላ ቆረጥኩ፣ እሱም ቀጥ አለ። ጠረጴዛው እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሏል፤ እንባዬ መጣ። መቀሱን አስቀምጬ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ጠረጴዛው እንደገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደንግጬ ወደሱ ወንበር ዞርኩ፤ ለካስ የኔው ጉልበት ነው።