ጠጅ ሳር የተቀባ መሳቢያ

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሪፖርት በደረሰ ቁጥር አለቃችን ጓድ ደምሴ ይጮሁብኛል፤ እኔም ራሴን ያዞረኛል። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ማርታ አዘኑልኝና ጠጅ ሳር የተዘፈዘፈበት ዘይት በብልቃጥ ከአቅራቢያችን ከተማ ከሆመቾ አመጡልኝ።

"ጠረጴዛሽን ቀባ ቀባ አድርጊበት። ሽታው ልብ ያረጋጋል" አሉኝ።

እውነትም አረጋጋኝ። ለጓድ ደምሴም ይበጃቸው ይሆናል ብዬ አንድ ጠዋት ሳይገቡ መሳቢያቸውን በዘይቱ በደንብ አሸሁላቸው። ያን ቀን "እባክሽ" ብለው አናገሩኝ።

ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ሰብስበውን ስለ ምርት ዕድገት ሲናገሩ፣ ንብ በመስኮት ተግተልትሎ ገብቶ ክፍት መሳቢያቸው ውስጥ ሰፈረ። ሁላችንም ጠረጴዛ ስር ገባን። እኔማ መሳቢያቸውን መንካቴ ከታወቀ ከሥራ መባረሬ ነው አልኩ በልቤ። እትዬ ማርታ ብቻ ቆመው በእርጋታ ያያሉ።

"ባለቤቴም ንብ እንዲገባለት አዲስ ቀፎ የሚያሸው በዚሁ በጠጅ ሳር ዘይት ነው" አሉ።

ጓድ ደምሴ እንዳጎነበሱ "ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" ብለው ጠየቁ።

"እሷ የነገረችኝ ስለ ራሷ መዞር ነው፤ ንብ መቼ አነሳች?" አሉ እትዬ ማርታ ወደ እኔ እያመለከቱ።

ከዚያ መሳቢያውን ከነንቡ ቀስ ብለው አወጡና በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ።