በቴአትር አዳራሹ ያንሾካሾክሁት

መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ የድሮ የቴአትር አዳራሽ አለ። የእንጨት ኮርኒሱ እንደ ከበሮ ሆድ ጎበጥ ብሎ ስለተሠራ፣ ጥንት መድረኩ ላይ የተንሾካሾኩት በር ላይ ላለው ሁሉ ይሰማ ነበር። ዘንድሮ ምስጥ የበላውን ኮርኒስ ያደሰው የእህቴ ልጅ ደሴ ነው። «ድምፁን ገድዬው ከሆነ ከእንግዲህ ማን ያሠራኛል?» እያለ እህል አልቀምስ አለ።

በምረቃው ቀን ገብቼ ባይ፣ መድረኩ ላይ ወርቅ የተቀባ ወንበር ባዶውን ተቀምጧል። ከፍ ያለው ቦታ እንደ እኔ ላለች ባልቴት አይደል? ወጥቼ ተቀመጥሁ። ሰዉ ሳቀ፤ መቼስ አምሮብኝ ነው አልሁ። ወዲያው ካባ የደረበ፣ የወረቀት ዘውድ የደፋ ጎረምሳ መጥቶ አጠገቤ ተገተረ። ለካ የቴአትሩ ንጉሥ እሱ ኖሯል፤ ወንበሩም ዙፋኑ ነው። በዓይኑ «ይነሡልኝ» ይለኛል።

እኔ ልነሣ? ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ «ሂድና ያንን ከፊት ተቀምጦ የሚያንኮራፋውን ቦርጫም ሹም አስነሣ!» አልሁት።

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሹሙ ባንኖ ተነሣ። እኔ ያፈርሁ እንዳልመስል ነጠላዬን ሳስተካክል፣ ደሴ ከወዲያ ከበሩ ላይ እየዘለለ ጮኸ፦

«ተሰማ! እትዬ፣ እስቲ ይድገሙልኝ!»