ሰማያዊዋ ኩባያ

ወርክሾፑ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «እትዬ ሚዛን» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት በእጇ ምክንያት ነው። ሸክላ ላይ ተቀብቶ እሳት ውስጥ ሲቀልጥ መስታወት የሚሆነውን ቅብ የምትበጠብጠው እሷ ናት፤ ቅቡ ደግሞ የሚሠራው ዓይን ከማይለያቸው ዱቄቶች ነው። የአሸዋው ዱቄት ነጭ፣ የኖራው ነጭ፣ የድንጋዩም ነጭ። ሌላው ሰው ጣሳው ላይ የተለጠፈውን ያነባል። እሷ ግን ቆንጠር አድርጋ በሁለት ጣቷ መሃል ታሸውና «ይሄ ኖራ ነው» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ተሳስታ አታውቅም። ይህንንም ለመጣ ለሄደው ትናገራለች፤ ጉራዋ ትንሽ በዛ ይላል እንጂ እውነቷን ነበር።

ውሎ አድሮ ግን ዱቄቱ የጣቷን ቆዳ በልቶ ጨረሰው። ልጇ የተሰነጣጠቀውን እጅ አይታ እንባዋ መጣ፤ በማግስቱ ጓንት ገዝታ መጥታ ካላደረግሽው ቤትሽ አልመጣም ብላ አስማለቻት። እትዬ ሚዛን ጓንት አድርጎ ቅብ መበጥበጥ ካልሲ አድርጎ እግር መታጠብ ነው እያለች ብታጉረመርምም፣ የልጅ ነገር ሆነባትና አደረገችው።

ያን ሰሞን አለቃው መደርደሪያውን ቀለም አስቀብቶ ጣሳዎቹን መልሶ ደርድሯቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ባሪየም የሚባለው ነው። ለግድግዳ ጌጥ ካልሆነ በቀር አይነካም፤ ሰው የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ ላይ እንዳይደርስ የተባለ መርዝ ነው። ቦታው የላይኛው መደርደሪያ ጥግ ነበር፤ ከቀለሙ በኋላ ግን የኖራው ቦታ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ሚዛን እንደ ልማዷ ሳታይ እጇን ሰደደች፣ ቀዳች፣ መዘነች። ሚዛኑ ላይ ያለው ክምር ከወትሮው አነስ ያለ መሰላት። ሚዛን አይሳሳትም ብላ ባልዲው ውስጥ ገለበጠችው። ነገሩን ሊነግራት የሚችለው ጣቷ ጓንት ውስጥ ነበር።

እቶኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት ሁሉም አፉን ይዞ ቀረ። ሌላ ጊዜ የሚያብለጨልጨው ሰማያዊ ዛሬ ብልጭታውን ትቶ ሐር የለበሰ መስሏል። አለቃው እጅሽ ይባረክ አላት። የቀሩት ዕቃዎች ለገዢ ሊቀርቡ ሲደረደሩ፣ እሷ አንዲት ትንሽ ኩባያ ለልጅ ልጇ ለሚጣ ለመነች።

ኩባያዋን የሰጠችው ግን አደራ ጨምራ ነው። ልጇ ከእናቷ እጅ የተቀበለችውን ሁሉ ለእንግዳ ዓይን ቡፌ ውስጥ ትደረድራለች እንጂ አትጠቀምበትም፤ ይህ እትዬ ሚዛንን ሲያበግናት የኖረ ነገር ነው። ይህቺ እንኳ ቡፌ እንዳትገባ፣ ሚጣ ትጠጣባት አለቻት። ልጇም እሺ አለች። ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ሚጣ የሎሚ ጭማቂዋን በእሷ እንደምትጠጣ ስትሰማ፣ እትዬ ሚዛን ቀኑን ሙሉ ፊቷ ፈክቶ ይውላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አዲስ ባልዲ ልትበጠብጥ ስትነሳ ጓንቱ ተቀዶ አገኘችው። ባዶ እጇን ወደ ጣሳው ሰደደች። ቆንጠር አድርጋ አሸችው።

ከበዳት። ኖራ ጣት መሃል ይንሸራተታል፤ ይሄኛው ዝም ብሎ ተኛ። እንደገና አሸችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው የዞረውን የጣሳውን ጽሑፍ አዙራ አነበበች፤ ባሪየም ይላል። ቀና ስትል ኖራው ላይኛው ጥግ ላይ፣ ክዳኑ አቧራ እንደ ለበሰ ተቀምጧል።

ሰማያዊው ለምን እንዲያ እንዳማረ ያኔ ገባት። ሎሚ ደግሞ ከእንዲህ ያለ ቅብ ውስጥ መርዙን መዝዞ እንደሚያወጣ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ልጇ ደውላ ሚጣ ሆዷን አሟት ከትምህርት ቤት ቀረች ብላት ነበር። እሷም «ብርድ ነው፣ ሎሚ ስጫት» ብላ ነበር የመለሰችላት።

ለአለቃው ከሰማያዊዎቹ አንድም እንዳይሸጥ ብቻ ነግራ በሽርጧ እንዳለች ወጣች። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው በዱቄት የነጣ እጇን አይቶ ፈቀቅ አለላት፤ እጇን ሽርጧ ውስጥ ደበቀችው። ፈራች። በዕድሜዋ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ስልኩ ቢነሳ ምን እንደምትሰማ ባታውቅም ደጋግማ ትደውል ነበር።

ልጇ በሩን ስትከፍት ደነገጠች፤ እናቷ ሳትደውል መጥታ አታውቅም። ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ስለነበር እንደ ደወለችም አልሰማችም። እትዬ ሚዛን አልፋት ገባች። ሚጣ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። አያት ግንባሯን ዳሰሰች፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየች። በየቀኑ ስንቴ ጠጣሽበት ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ መልሱን ፈርታ ዘጋችው። ልጇ በዚህ መሃል ወደ ጓዳ ሄዳ ሎሚ የተሞላችውን ሰማያዊ ኩባያ ይዛ ተመለሰችና፣ «ይኸው አያትሽ የሠራችልሽ» ብላ ለልጅቷ አቀበለቻት።

ሚጣ ኩባያዋን ወደ ከንፈሯ ስታነሳ አያት በመዳፏ መታች፤ እጇንም ኩባያዋንም አንድ ላይ። ኩባያዋ ወለሉ ላይ ተሰባበረች። ልጅቷ ጮኸችና እናቷ ጉያ ገባች።

«ምን ነካሽ እማዬ?»

«መርዝ ነው» አለች እትዬ ሚዛን። «በገዛ እጄ መርዝ ቀብቼ ነው የሰጠኋት። ስንት ጊዜ ጠጥታበታለች? ንገሪኝ።»

ልጇ አቀረቀረች። «አልጠጣችበትም። ቡፌ ውስጥ ነበረች። እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው የዋሸሁሽ፤ አሁን አንቺን ሳይ ነው ያወጣኋት።»

እትዬ ሚዛን ስብርባሪው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የልጇ ውሸት እንዲህ ደስ አሰኝቷት አያውቅም። ቢሆንም ሚጣን ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ሐኪሙ ነገሩን ሁሉ ሰምቶ መረመራትና ተራ የሆድ ሕመም ነው አለ። አያት እንደገና ጠየቀችው፤ ደጃፍ ላይ ደርሳ ተመልሳ ጠየቀችው።

ቅቡ ይለቅ እንደሆነ ልታይ አንዱን ስባሪ ቤቷ ወስዳ እንደ ሎሚ የሚኮመጥጥ አቼቶ ውስጥ ነከረችው። ቀለሙ ባይለቅ፣ ሁሉም ቢስቅባት፣ እሷም አብራ ብትስቅ ተመኝታ ነበር። ጠዋት ስታየው አቼቶው የነካው ወገን ሰማያዊው ሄዶ አመድ መስሏል።

አሁን ጣሳውን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ከዚያ ታሸዋለች። አለቃው ቢያፌዝባትም አታቆምም። ሚጣም ድና ትምህርት ቤቷ ተመልሳለች። አያቷ ቤት ስትመጣ ትጫወታለች፣ ጀርባዋ ላይም ትወጣለች። አያቷ ውሃ ስታቀብላት ግን ልጅቷ ብርጭቆውን ይዛ መጀመሪያ የእናቷን ፊት ታያለች። አያቷም እስክትጠጣ ድረስ ትጠብቃለች።