እማዬ የመረጠችው ሥዕል

ዛሬ እናቴ ፒያሳ ላይ ግራ አጋባችኝ። እስካሁን አልወጣልኝም።

የትውልድ መንደሯ ቤተክርስቲያን ግድግዳው ሊሳል ስለሆነ፣ አንዱን ሥዕል በስሟ ላሠራላት ሠዓሊው ጋ ይዣት ሄድኩ።

ሠዓሊው ከአዳም እስከ ዳግም ምጽአት ያለውን ታሪክ በረጅም ወረቀት ነድፎ ግድግዳው ላይ ዘርግቶታል።

"እማማ፣ ያሠራ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሳላል። እርስዎን የቱ ስር ላድርግዎት?" አላት።

በሆዴ "እመቤታችን ስር ትላለች" ብያለሁ። (እኔ ብሆን የቃና ሠርግ ስር። ቢያንስ ድግስ አለ።)

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያለች አየችው። ከዚያ ጴጥሮስ እሳት እየሞቀ ጌታን "አላውቀውም" የሚልበት ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"እኔ እዚህ ነኝ።"

"እማ! አንድ ቅዳሴ አምልጦሽ የማያውቅ አንቺ?"

"አንቺ የምታውቂኝ ከወለድኩሽ ወዲህ ነው" አለችኝ።

ሠዓሊው ምንም ሳይገርመው ስሟን ጻፈ። በታክሲ ቸርችልን ወርደን እስክንጨርስ መጠየቅ ፈራሁ።

ማንን ነው "አላውቀውም" ያለችው?

እናንተስ፣ ወላጆቻችሁ የቱን ሥዕል የሚመርጡ ይመስላችኋል? እስቲ ጠይቋቸውና ጻፉልኝ። እኔ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት።