በመሐላ የተሸጠ ቆርቆሮ

የጠጄ ቀኝ እጅ እንዝርቱን ያሾራል፤ ግራ እጇ ከክምሩ የበግ ጠጉር እየሳበ ያቀጥናል። ከጣራው ጠብ ሲል ሁለቱም ይቆማሉ። ክምሩን አቅፋ ወደ ሌላው ጥግ ትሄዳለች፤ እዚያም ያፈሳል። የረጠበ ጠጉር ይሸታል፤ የሸተተውን ደግሞ ሸማኔ አይቀበላትም። ባሏ ካረፈ ወዲህ ልጆቿን የምታበላው ከዚሁ ፈትል ነው።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ስትወለድ እትብቷን የቋጠርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም።

ከፋሲካ በኋላ በጎቿን ሸጠችና የሣር ቤቷን ቆርቆሮ ልታለብስ መሐል ሜዳ ከተማ ገበያ ሄደች። በኃይሉ የሚባል ነጋዴ ወፍራም ቆርቆሮ አሳያት፤ ወደደችው። ከመጋዘን የወጣላት ግን ውፍረቱ እንዳይለይ በሽቦ የታሰረ ነበር። ያው ነው ወይ ብትለው፣ መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው፣ ያሳየሁሽ ራሱ ነው ብሎ ማለ። እሷም ደረሰኝ ሳትጠይቅ በአህያ ጭና መጣች። እኛ ዘንድ በታቦት የማለን ሰው ወረቀት ስጠኝ ማለት ነውር ነው፤ ታቦቱን አላምንም እንደ ማለት ይቆጠራል። ይህን ነውራችንን ነጋዴው አሳምሮ ያውቀዋል።

አናጢው አፈወርቅ የመጀመሪያውን ምስማር ሲመታ ቆርቆሮው ተቀደደ።

«ጠጄ፣ ሰውዬው ጃንጥላ ነው እንዴ የሸጠልሽ?»

እሷ ግን ማለልኝ እኮ ብላ አስመታችው። የመጀመሪያው በረዶ ወንፊት አደረገው።

አብሬያት ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ። በኃይሉ በጣቱ ግድግዳውን አሳየን። አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። በእርጅናዬ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ አልነበረም።

«በመድኃኔዓለም ምለህልኝ የለም ወይ?» አለችው ጠጄ።

«የማልኩት በመድኃኔዓለም ነው፤ ከእሱ ጋር እኛው እንጨራረሳለን። አንቺ ደረሰኝ ካለሽ አምጪ። እማማ፣ ደግመው ያንብቡላት እንጂ።»

ጎትቻት ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድን። እፀገነት የምትባል ሠራተኛ አስቀምጣ ሰማችን። ያ ጽሑፍ አጭበርባሪን እንደማያድነው፣ አንዱን አሳይቶ ሌላውን የሰጠ ነጋዴ መለወጥ ወይም ገንዘቡን መመለስ እንዳለበት፣ ደረሰኝም ሳይጠየቅ መስጠት ግዴታው እንደሆነ ነገረችን። ደሜ ፈላ። ስንቶቻችን ነን ያንን ግድግዳ አይተን፣ የተሰበረውንና የሻገተውን ተሸክመን ወደ ቤታችን የተመለስን!

በኃይሉ ተጠርቶ መጣ። ይህችን ሴት አላውቃትም፣ ምንም አልሸጥኩላትም አለ። ዓይኗን እያየ ነው ያለው። እፀገነትም ሽያጩን ያየ ሰው ካለ ይዛችሁ ኑ ብላ ለመጪው ሰኞ ቀጠረችን።

ያየ ሰው ሞልቷል። የገበያ ቀን ነበር፤ ሱቁ ጢም ብሎ ነበር። ጠጄ የምታስታውሰው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀይ ጢም ያላቸው ቄስ አጠገቧ ቆመው ምስማር ይመርጡ ነበር፤ መሐላውን ሲሰሙ አማትበዋል። እኔና እሷ ከሞላሌ እስከ ቀየት ጠይቀን አላገኘናቸውም። ክረምቱ ገብቷል፤ ሰኞ ካለፈ ጠጉሩም ቤቱም ይበሰብሳል።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እኒያን ቄስ የምታውቁ ከሆነ ንገሩልኝ። ሰኞ መሐል ሜዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት መጥተው የሰሙትን ብቻ ይናገሩላት።